ጨረቃ ላይ እድር አለ ወይ?

«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል በአንድ ቃል መልሶ የሚገላገል ሰው ምን ያህል የታደለ እንደሆነ አያውቀውም። «ሾፌር ነኝ።» አለቀ። «ነርስ ነኝ።» ተመስገን፣ ገባን። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን ወይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ወይ በመጠየቁ ይጸጸታል። በዚህች ጥያቄ የተነሳ ሚስት ሳላገባ ልቀር የነበረበትን ጉድ ካልነገርኳችሁ ደግሞ ሆዴ አይችልም።

የእኔ ሙያ የጠፈር መንኮራኩር ምርምር ነው። አትሳቁ፣ ገና አልጀመርኩም። ውጭ አገር በበረዶ ስንቀጠቀጥ ከርሜ ዶክተር የተባልኩት በዚሁ ነው። ከመንኮራኩርም ደግሞ የእኔ ድርሻ መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። መላኩንማ ማንም ይልካል! (እሺ፣ ማንም አይልክም፤ ግን ገብቷችኋል።) ዋናው ቁም ነገር ያ የተላከው ዕቃ ከላይ ሲመለስ፣ አየሩ እየፈተገው እንደ ከሰል ሲግል፣ ውስጡ ያለው ሰው ሳይጠበስ፣ ፓራሹቱ በሰዓቱ ተዘርግቶ መሬት ላይ ኮሽ ሳይል እንዲያርፍ ማድረግ ነው። አቤት ደስ ሲል!

ችግሩ፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ዲፕሎማዬን ታቅፌ አገሬ ስገባ፣ አገሬ የሚመለስ ቀርቶ የሄደ መንኮራኩር አልነበራትም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቴን ገልብጠው፣ ዘቅዝቀው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጭምር ካዩት በኋላ፣ «ዶክተር፣ መንኮራኩር እንኳ የለንም። የአንደኛ ዓመት ቴክኒካል ድሮዊንግ ግን አስተማሪ አጥቷል» አሉኝ። በደስታ! ተማሪዎቼ መስመር ማስመር ሲጀምሩ እኔ አንዷን መስመር ይዤ ወደ ጠፈር እወጣለሁ። ደወል ሲደወል ሁላችንም ማርስ አካባቢ ነን፤ ወረቀታቸው ባዶ ነው።

መካኒሳ አቦ አካባቢ ቤት ተከራይቼ የቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ ደግሞ ጸሐፊዋ «ሥራ?» አለችኝ። ወንበር ስቤ ጀመርኩላት። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር እኔ ገና ከከባቢ አየር አልወጣሁም። እሷም በመጨረሻ «መካኒክ» ብላ ጽፋ ማኅተሟን አሳረፈችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ቡታጋዝ፣ ካውያና የቴሌቪዥን አንቴና መዳረሻው እኔ ቤት ሆነ። እውነቱን ለመናገር አንዱንም ጠግኜ አላውቅም። ለምን እንደማይሠራ ግን ለባለቤቱ አብጠርጥሬ አስረዳለሁ።

እሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ። ምርምር ያለ መሣሪያ አይሆንም። የእኔ ሙያ የንፋስ ዋሻ የሚባል ነገር ይፈልጋል፤ ንፋስ በአንድ በኩል የሚነዳበት ትልቅ ቱቦ ማለት ነው፣ ውስጡ ትንሽ ፓራሹት ትሰቅሉና ባሕርይዋን ታጠናላችሁ። ፈረንጆቹ ሕንፃ የሚያህል ይሠሩለታል። እኔ ባዶ የናፍጣ በርሜሎች አስበይጄ፣ ከወፍጮ ቤት የተጣለ ሞተር ገጠምኩበት። ማራገቢያውን የሰጡኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። ጋሽ መኮንን ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ጨርሰው ጡረታ የወጡ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ደግ ናቸው፣ ሩኅሩኅ ናቸው፤ ግን አንድን ነገር በልኩ ተናግረው አያውቁም። ያንን ማራገቢያ ሲሰጡኝ እንኳ «በዚህ መንኮራኩር ቀርቶ የመካኒሳን ቆርቆሮ በሙሉ ታስነሳለህ» ብለውኛል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተሩን ለኮስኩት። እልል ማለት ነው የቀረኝ! ንፋሱ በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ትንሿ ፓራሹቴ ቦግ ብላ ተዘረጋች። አንድ ያላየሁት ነገር ቢኖር የዋሻው መውጫ ወዴት እንደዞረ ነው። ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ አስካለ ግቢ ነበር የዞረው። እትዬ አስካለ ደግሞ የዓመት በርበሬያቸውን ወቅጠው ሰሌን ላይ አስጥተዋል።

ሰፈሩ አስነጠሰ። ሰው ብቻ መሰላችሁ? ውሻው አስነጠሰ፣ ዶሮው አስነጠሰ። በአስፋልቱ ሲያልፍ የነበረ ታክሲ ወያላው «ለቡ! ለቡ! ለ... እንጥሽ!» እያለ፣ ተሳፋሪው እየተቀበለው ተፈተለከ። ከሁሉም የባሰ የደረሳት ግን ወደ ታክሲ ስትሄድ የነበረች አንዲት መምህርት ናት። አጥሩን ተደግፋ «ዓይኔን! ዓይኔን!» ትላለች። ውሃ ይዤ በረርኩ። እያፈሰስኩላት፣ አመሌ ነውና፣ ስለ አየር ፍሰት ማስረዳት ጀመርኩ።

ዓይኗን እንደጨፈነች ሰማችኝና «እና ይሄ ሁሉ ሕዝብ የሚታወረው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«የሄደ ሰው በሰላም እንዲመለስ ነው» አልኳት።

ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ቲማቲም መስሏል። እኔ ግን እንደዚያ ያለ ዓይን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ስሟ ጠጅቱ ነው።

ከእትዬ አስካለ ጋር ያስታረቁኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። ጠጅቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ሰው አላስፈለገኝም፤ ትምህርት ቤቷ በር ላይ እየቆምኩ ራሴ ጠየቅኳት። በማግሥቱም ጠየቅኳት። በልጉ አልፎ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ስጠይቃት ከረምኩ። በመጨረሻ እየሳቀች «አንተ ሰው፣ ይቅርታህ አላልቅ ካለ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ጃንጥላዬን መንገድ ላይ ጥዬ ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

አባቷ ኦቦ ደገፋ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ላፍቶን ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከመሬታቸው ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፤ በቀረው ላይ ጤፍ ይዘራሉ፣ በሬዎቻቸውም የሰው ቪላ ተደግፈው ያመነዥካሉ። ለሽምግልና የመረጥኳቸው ጋሽ መኮንንን፣ የንስሐ አባቴንና አጎቴን ነው። አጎቴ አይናገሩም፤ የመረጥኳቸው ቁመታቸው ጥሩ ስለሆነ ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ሥራዬን በደንብ አስተማርኳቸው። ጠረጴዛ ላይ ሎሚ አስቀምጬ «ይሄ መሬት ነው» አልኩ። የስኳር ዕቃው ክዳን መንኮራኩር ሆነ። ሲመለስ እንዴት እንደሚግል ለማሳየት ክዳኑን ክብሪት ለኮስኩበትና የንስሐ አባቴ ጢም ጫፉ ትንሽ ጨሰ። ጋሽ መኮንን ራሳቸውን እየነቀነቁ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ለእኔ ተወው» አሉኝ። «ስንቱን የኬላ ዘበኛ በምላሴ ያለፍኩ ሰው ነኝ።»

እንደ ደንቡ እኔ ቤት ቀረሁ። የሆነውን የነገሩኝ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ እሳቸው አይጨምሩም። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። ኦቦ ደገፋ ወገኔን ጠየቁ፣ ጠባዬን ጠየቁ፣ ሁሉም ደህና ሄደ። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን መለስ አደረጉና «ጌታዬ፣ የሰው ልጅ መሬት ለመሬት ሲንከራተት የእኛ ልጅ ሥራው ሰማይ ቤት ነው!» አሉ። እዚህ ላይ የንስሐ አባቴን ሳል ያዛቸው።

«ሰማይ ቤት ምን ይሠራል?»

«መንኮራኩር ነዋ! ጨረቃ የሚሄደው!»

«ይሄዳል ማለት ነው?» አሉ ኦቦ ደገፋ።

«አይሄድም» ማለት ይበቃ ነበር። ግን ጋሽ መኮንን እንዴት አድርገው ልጃቸው የማይደርስበት ቦታ አለ ይበሉ? «እንዴታ! ሲያሰኘው ይሄዳል!» አሉ።

ኦቦ ደገፋ ጥያቄ አወረዱ። ልጄን ይዟት ሊሄድ ነው? ስትወልድ እናቷ ገንፎ ይዛ በምን ትድረስ? ለዓመት በዓል በግ ልስደድ ብል በማን እጅ ልስደድ? በመጨረሻ «ክፉ ነገር ቢመጣስ? ማን ይቀብራቸዋል? ጨረቃ ላይ እድር አለ ወይ?» አሉ።

እንግዲህ ጋሽ መኮንን የእድር ሊቀመንበር ናቸው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በዝምታ ማለፍ አልሆነላቸውም።

«አያስቡ፣ ቅርንጫፍ እንከፍታለን!»

«ሄዶ ለሚቀር ሰው ልጄን አልሰጥም» አሉ ኦቦ ደገፋ። ሽማግሌ በአንድ ጊዜ አይሸኝምና፣ ደንቡ እንዳይፈርስ ብቻ ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሮ ሰጡ።

ጠጅቱን ሳገኛት ራሷን ይዛ ነው የጠበቀችኝ። «ለምን ‹አስተማሪ ነው› አትሉም ነበር?» አለች። ወይ ጉዴ! አስተማሪ ነኝ ለካ! ይሄ እኮ ለአንዳችንም አልመጣልንም። ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

«ወንድም እንዳለኝ ነግሬህ አላውቅም» አለች። «ለማ ይባላል። በደርግ ጊዜ ለውትድርና ከዚሁ ከላፍቶ ተወስዶ ነው የቀረው። ሞተ ብሎ የመጣ የለም፣ አለ ብሎ የመጣም የለም። አባቴ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠም። ‹ይሄዳል› የሚል ቃል ከሰማ ሌላ ነገር አይሰማም።» ከዚያ ጨመረች። «እወድሃለሁ። እሁድ እምቢ ካለ ግን አባቴን አስከፍቼ አላገባህም። እንዳትቀየመኝ።»

የዚያን ሳምንት ለተማሪዎቼ ምን እንዳስተማርኳቸው እግዜር ይወቀው። እሁድ ሲደርስ ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ቤት የምቀመጠው ለምንድን ነው? ሥራዬ መመለስ እንጂ መሄድ እንዳልሆነ ለምን በዓይናቸው አላሳያቸውም? እንቁላል በጭድ ጠቅልዬ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከተትኩ፤ መንኮራኩር ሆነች። ትንሿን ፓራሹቴን ያዝኩ። ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከሽማግሌዎቹ ኋላ በሌላ ታክሲ ተከተልኳቸው። ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ ተከትሎ መሄዱ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልቤ ግን ቀድሞኝ ላፍቶ ደርሷል። ከታክሲው በደስታ ዘልዬ ስወርድ ቆርቆሮዬን አቅፌያለሁ። ፓራሹቴ ወንበሩ ላይ ቀርታ ወደ ለቡ ቀጠለች።

ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ጆሮዬን ሰጠሁ። ጋሽ መኮንን ያለፈውን ለማረም እየተጣጣሩ ነው። «ይሄዳል ስንል እኮ ደርሶ መልስ ነው! ምሳውን እዚህ በልቶ ማታ እዚህ ነው!» ይላሉ። ከዚህ በላይ መቆም አልቻልኩም። ዘው ብዬ ገባሁ።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?» አሉ ኦቦ ደገፋ።

«እኔ ነኝ የምሄደው! ማለቴ... የማልሄደው!»

የንስሐ አባቴ አማተቡ። ኦቦ ደገፋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ሽማግሌ ልከህ ራስህ ትመጣለህ? እናንተ ዘንድ ደንቡ እንዲህ ነው?» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ተማጠንኩ። «አባባ፣ እኔ ሰው አልልክም፤ የሄደውን ነው የምመልሰው። ሥራዬ እሱ ብቻ ነው። አንዴ ላሳይዎት፣ ከዚያ ቢያባርሩኝም እሄዳለሁ።»

«አሳየኝ» አሉ።

ፓራሹት የለኝም! «ናይለን ጨርቅ ፈልጉልኝ!» ብዬ ስጮህ የቤቱ በር ገርበብ አለና አንዲት እጅ ቢጫ ሻሽ ይዛ ብቅ አለች። የማን እጅ እንደሆነች አወቅኳት። ሻሹን በአራት ገመድ ቆርቆሮው ላይ አሰርኩና፣ ከአጥሩ አጠገብ ወደሚሠራው ፎቅ ሮጥኩ። ዘበኛው የሰርግ ነገር መሆኑን ሲሰማ «ግባ ግባ» አለኝ። የባሕር ዛፉን መወጣጫ በሁለት በሁለት እየዘለልኩ ጫፍ ደረስኩ።

«ይኸው! ሄደ!» አልኩና ለቀቅኩት።

እናንተ! ሻሹ ቦግ ብሎ ተዘረጋ! ቆርቆሮው ስር ተንጠልጥሎ፣ ቀስ እያለ፣ እየተወዛወዘ ወረደ። የበርሜሌ ዋሻ ውስጥ ያየሁትን ሁሉ ሰማይ ላይ አየሁት። «አያችሁ! አያችሁ!» እያልኩ ስጮህ ግን ከለቡ በኩል ነፋስ ተነሳ። ሻሹ አጥሩን ተሻገረ፣ ሽማግሌዎቹን ተሻገረ፣ እዚያ ማዶ ታስሮ የሚያመነዥከው ትልቁ በሬ ቀንድ ላይ ሄዶ አረፈና ዓይኑን ሸፈነው።

በሬው ካስማውን ነቅሎ ተነሳ። ቆርቆሮው አንገቱ ላይ ቋቋቋ እያለ፣ ምንም ሳያይ፣ በቀጥታ ወደ ሽምግልናው መጣ። በዕድሜያቸው ያልተናገሩት አጎቴ «ሽሹ!» ብለው ጮኹ። የንስሐ አባቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በረሩ። ጋሽ መኮንንን ሳያቸው የጭድ ክምር አናት ላይ ናቸው፤ እንዴት እንደወጡ እስከ ዛሬ አይነግሩንም። በሬው ግቢውን ዞረ፣ የጤፉን ማሳ አቋረጠ፣ የተከመረ አሸዋ በትኖ ተመለሰ። ኦቦ ደገፋ ብቻ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በስሙ ጠሩት። ሲቀርብ ገመዱን ያዙ፣ ሻሹን ከቀንዱ አላቀቁ፣ የተጨማደደውን ቆርቆሮ ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ።

እንቁላሉ ደህና ነው። ስንጥቅ እንኳ የለውም።

ወደ ላይ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። በደስታ ልዘል ስል ወደ ታች አየሁ። እንግዲህ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ውጭ አገር ስሄድም ስመጣም አውሮፕላን ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጎኔ የተቀመጠውን ሰው ክንድ ይዤ ነው። በዚያ ሁሉ ሞቅታ ከፎቅ ላይ መሆኔ ጠፍቶብኛል። ሲሚንቶው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩና ወጣ ያለችውን ብረት አቀፍኩ።

«ና ውረድ እንግዲህ!» አሉ ጋሽ መኮንን ከጭዱ ላይ።

«አልችልም!»

ከበሩ ጀርባ አንዲት ሴት ስትስቅ ተሰማ። ኦቦ ደገፋ ወደ ጋሽ መኮንን ዞረው «ጨረቃ የሚሄደው ይሄ ነው?» አሉ። ጋሽ መኮንን ራሳቸውን ጭዱ ውስጥ ቀበሩ። ያኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ምድር ግን ሩቅ ናት። አለቀልኝ፣ ጠጅቱን አጣኋት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የመወጣጫው እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ኦቦ ደገፋ እንቁላሉን እንደያዙ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዚያ የተማርክበት አገር፣ ሰው ሲልኩ ገና ሳይሄድ መመለሻውን የሚያስብለት ሰው ያስቀምጣሉ?»

«አዎ፣ አባባ። መመለሻው ተሠርቶ ሳያልቅ ማንንም አይልኩም።»

«አይልኩም?»

«አይልኩም።»

እንቁላሉን በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ለማዬን በዚህች መንገድ ነው በጭነት መኪና ያሳለፉት» አሉ በጣታቸው ወደ ታች እያመለከቱ። «እዚያ ጋ ቆሜ አየሁት። እጁን አነሳልኝ። ስለ መመለሻው የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።»

ሰው ባገኘሁ ቁጥር የማስረዳ ሰውዬ ማስረዳቱን ትቼ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ዞር ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በል» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ዓይንህን ጨፍንና እጅህን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። እጃቸው ሻካራና የሞቀ ነው። እየጎተቱ ሳይሆን እየጠበቁ አወረዱኝ። «ግራህን... እዚህ ላይ። አለሁ። ቀኝህን... አይዞህ፣ አለሁ።» እግሬ አፈር ሲነካ ዓይኔን ገለጥኩ። ጠጅቱ በሩ ላይ ወጥታ ቆማለች፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ ዓይኗ ደግሞ እንደገና ቲማቲም ሆኗል። ጋሽ መኮንን ጭዱን እያራገፉ «አላልኳችሁም? በሰላም አረፈ!» አሉ።

ኦቦ ደገፋ እጄን አልለቀቁም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ጠጅቱ ጮኸች፣ እናቷ እልል አሉ፣ እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ጫጫታው ጋብ ሲል ኦቦ ደገፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ለብቻዬ እንዲህ አሉኝ፦

«አደራ፣ ፎቅ ቤት እንዳትከራዩ። ከተከራያችሁ ግን ጥራኝ፤ መጥቼ አወርድሃለሁ።»